ጠባሹ ሳይቀምስ

ኤውላሊዮ የአሳማ ቆዳ በገዛ ስቡ እየጠበሰ ይሸጣል። እኔ ከጎኑ ካሳቫ እቀቅላለሁ። በከተማችን በናንዳይሜ ገበያ ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ተቀምጠናል፤ የእሱን የገዛ የእኔን ይጨምራል፣ የእሱን ያልገዛ እኔንም ዞር ብሎ አያየኝም።

በእኛ ገበያ ጠባሽ ከየድስቱ የመጀመሪያዋን ቁራሽ ሰው ፊት ካልበላ አይሸጥም። ድሮ አንዱ የታመመ አሳማ ጠብሶ ሰፈሩን ሙሉ አልጋ ላይ ስላዋለ ነው። ጠባሹ እስኪውጥ ድረስ ሰልፈኛው ጉሮሮውን ያያል። ቅዳሜ ስምንት ድስት ይወርዳል፤ ኤውላሊዮም ስምንቴ ይበላል።

አምና እግሩ አብጦ ጤና ጣቢያ ሄደ። ነርሷ ኒዲያ ደሙን መርምራ አልደበቀችውም።

«ዶን ኤውላሊዮ፣ ኩላሊትዎ ከግማሽ በላይ ደክሟል። የደምዎ ስብ ደግሞ ከልክ አልፏል፤ ደም ሥርዎን እየጎዳ ያባብስብዎታል። ጥብሱን መብላት ይተዉ፤ አለዚያ እጥበት ሩቅ አይደለም።»

«ልጅህ ትቅመስልህ» አልኩት። ልጁ ሬይና ቀመሰች። ሰልፈኛው እርስ በርሱ ተያየ።

«እሱ ምን ቢያይ ነው የተወው?» አለ አንዱ።

«ልጁን አስቀደማት እኮ» አለች ሌላዋ እየሳቀች።

ቆዳው ቅርጫት ውስጥ ቀረ። የእኔም ካሳቫ አብሮ በረደ።

«ታምሜያለሁ በላቸው!» ብዬ ጮህኩበት።

«ከታመመ ጠባሽ ማን ይገዛል? ካልበላሁ አልሸጥም፤ ካልሸጥኩ መድኃኒት የለም። ከበላሁ ደግሞ መድኃኒቱ ምን ሊረባኝ? መልስ ካለሽ ንገሪኝ።»

በሳምንቱ ራሱ በላ፤ ገበያው ተመለሰ። እውነቱን ልናገር፣ ካሳቫዬ በማለቁ ደስ አለኝ። ወዲያው ግን በራሴ አፈርኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ኒዲያ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ሰልፉን ቀድማ ቆማለች። ሐሙስ ዕለት ከኩላሊቱ የቀረው ሩብ ብቻ መሆኑን የነገረችው እሷው ናት። ኤውላሊዮ ፊቱ ፈካ። ይቺ እንኳን ታውቃለች ብሎ ነው መሰለኝ፣ ሳይቀምስ ይመዝንላት ጀመር። እሷ ሳህኗን አልዘረጋችም።

«ለእንግዶች ነው፣ ዶን ኤውላሊዮ» አለች ቀስ ብላ። «ዛሬ አልቀመሱም እንዴ?»

ኤውላሊዮ መመዘኑን ተወ። ከዚያ አንዷን ቁራሽ አንስቶ አኘከና ዋጠ። ጉሮሮውን አየችና ሳህኗን ዘረጋች።

«ማክሰኞ ለደም ምርመራው እንዳይቀሩ» አለችው እየተቀበለች። «ባዶ ሆድዎን ይምጡ።»