የቢያንካ መርፌ

እናቴ፣ ከመርጡለ ማርያም በወጣሁበት ምሽት በሩ ላይ ቆመሽ «ለገና ትመለሳለህ» ያልሽኝን አልረሳሁም። በሬያችን በወታደር ከተነዳ ወዲህ ሌላ መንገድ ስላልነበረን፣ ደብረ ማርቆስ ጥቂት ሠርቼ ለመመለስ ስንቄን ይዤ ወረድሁ። ይኸው ሁለት ገና አለፈ። ሰው ሌላ ወሬ ቢነግርሽ እንዳታምኚ፤ የቀረሁት በድመት ነው። ወደዚህ ለመምጣት የምታስቡ ወንድሞቼም ስሙ።

የተቀጠርሁት ሱቅ ለከፈተ ጣሊያን ነው። ሲኞር እለዋለሁ። ቤቱን እጠርጋለሁ፣ ጠዋት የሽንቱን ጣሳ እደፋለሁ፣ ቢያንካ የምትባል ነጭ ድመቱን አበላለሁ። እኛ ዘንድ ድመት አይጧን ይዛ ታድራለች። ይህችኛዋ ብስኮቲ የሚባል ጣፋጭ ደረቅ ዳቦ በወተት ተነክሮ፣ ስኳር ተነስንሶበት ይቀርብላታል። ወተቱም እንዳንቺ ላም ወተት አይደለም፤ ውሃ ውሃ ይላል። ከአጥሩ ውጭ ሰው ጎመን ቀቅሎ ይውላል።

በጥር ቢያንካ መክሳት ጀመረች። የምትበላው ግን እጥፍ ሆነ። በቀን አንዴ እሞላው የነበረውን የውሃ ሳህኗን አራት ጊዜ መሙላት ያዝሁ። ቤት ላከራዩኝ ለእትዬ ዘውዴ ነገርኋቸው።

«እየበላ የሚከሳ ምን ሊሆን ነው? ኮሶ ይዟት ነዋ! አንተ በየሁለት ወሩ አትጠጣም? ወይስ የፈረንጅ ድመት ሆድ የላትም?»

ለራሳቸው ከወቀጡት ኮሶ ቆንጥረው ሰጡኝ። እኔም አምኜ አፏን ከፍቼ ጋትኋት። ቀኑን ሙሉ አስመለሳት፤ ትል ግን አልወጣም። ጥፋቱ የእኔ ነው። በማግሥቱ የኋላ እግሮቿ ከዷት፤ በተረከዟ ትጎተት ጀመር።

ሲኞሩ ጮኸ። «ከሞተች ፐርሜሶህን እርሳው! ከተረፈች እፈርምልሃለሁ!»

ፐርሜሶ የይለፍ ወረቀት ነው። ያለ እሱ ከከተማ የወጣ ሽፍታ ተብሎ ይያዛል፤ ያለ አሠሪ ፊርማም አይሰጥም። ወደ አንቺ መምጫዬ በዚያች ከሲታ ድመት ላይ ተንጠለጠለ።

የምትሸናበትን አመድ ልደፋ ስወጣ ጉንዳን ወርሮታል። ይህን በፊትም አይቻለሁ፤ በራሱ በሲኞሩ ጣሳ ዙሪያ።

«ሲኞር፣ የእርስዎና የድመቷ ሽንት አንድ ነው» አልሁት።

ሊመታኝ እጁን አነሣ። አመዱን ሳሳየው እጁ ወረደ። እሱ ራሱ የስኳር በሽተኛ ነው፤ ኢንሱሊን የሚሉትን መድኃኒት ከአስመራ እያስመጣ ጭኑን ይወጋል። ሰፈሩ በተስቦ ሲያልቅ አንድ ኪኒን ያልወጣበት ቤት ለድመት መርፌ አላጣም።

እሱ ራሱን እንጂ እሷን መውጋት አልደፈረምና ወጊው እኔ ሆንሁ። ብስኮቲውን አስቀርቼ ሥጋ ብቻ አደረግሁት። ጠዋትና ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መጀመሪያ ትበላለች፤ ከዚያ የአንገቷን ቆዳ አንሥቼ ጠብታ ታህል እወጋታለሁ። ሳትበላ ከተወጋች እንደ ሰካራም ትንገዳገዳለች፤ አንድ ቀን ደርሶብኝ ድዷን ማር ቀብቼ አተረፍኋት። ውሃዋንም በየቀኑ እለካለሁ። በሁለት ወር ሥጋዋ ተመለሰ፤ ሳህኑ አንድ ጊዜ ብቻ ይሞላ ጀመር፤ እንደ ድሮዋም በጣቷ ቆማ ሄደች።

የሲኞሩን የታሸገ ወረቀት ይዤ ፐርሜሶ ቢሮ ገባሁ። አስተርጓሚው ያገራችን ልጅ ነው፤ ጫማ ካደረገ ወዲህ ግን ሰው ሲያናግር ቀና ብሎ አያይም።

«ሥራህ?»

«ድመት እወጋለሁ፣ ጌታዬ።»

«አንተ ስትሄድ ማን ይወጋታል?»

«እናቴ ብቻዋን ናት።»

«እናትህ በቀን ሁለት ጊዜ ትፈልግሃለች?»

«ሲኞሩ እፈርማለሁ ብሎኛል።»

ወረቀቱን ከፍቶ አየው። «ፈርሟል እኮ! ‹ለቤቴ አስፈላጊ ነውና ከከተማ እንዳይወጣ› ይላል።»

ተመልሼ ሲኞሩን ስለ ቃሉ ጠየቅሁት። «ይህ መርፌ የዕድሜ ልክ ነው» አለኝ፣ የራሱን ጭን እየዳበሰ። ሰው እንዲህ ሲዋሽ ትንሽ እንኳ አያፍርም?

አንድ ጠዋት መርፌውን ላስቀር ቆረጥሁ። እሷ ብትሞት የማስፈልገው ቤት አይኖርም። ሰዓቱ ሲደርስ መጥታ እግሬ ሥር ቆመች፤ አንገቷን ራሷ ዝቅ አደረገች። ወጋኋት።

አሁንም አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው፤ ሳህኗን እያንኳኳች ነው። አንቺ ዘንድ ላሟ የምትታለብበት ሰዓት ነው። ጥጃውን ማን ይይዝልሻል?