እናቴ እና ሙቀት የሚያየው ካሜራ

እናቴ መንገድ ጠራጊ ናት፤ ሥራውን ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቁጭ ብላ ስትበላ አይቻት አላውቅም። በአንድ እጇ ሳህን፣ በሌላው ልጄን ይዛ በር ላይ ትቆማለች። እኔም የእሷ ልጅ ነኝና ይህ በሆነበት ሳምንት እግሬ አልረጋ አለ።

የምሠራበት ቢሮ ለቆሻሻ መኪናዎች ሙቀት የሚያይ ካሜራ ይገጥማል። ጭጋግ ቢሆንም የሰው ገላ ስክሪኑ ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ መኪናውም ሾፌሩን ለማስጠንቀቅ ጢጥ ጢጥ ይላል። የእኔ ሥራ በየፎቶው ሰው ያለበትን በሳጥን መክበብ ነው፤ ማሽኑ ሰውን መለየት የሚማረው ከዚያ ነው።

መኪናዎቹ ሰኞ እናቴ በምትጠርገው መንገድ ሊሰማሩ ተወስኖ ሳለ፣ ሐሙስ ዕለት ሳጥን እየሣልኩ እጄ ቀጥ አለ። ከስድስት ሺህ ፎቶ አንድም ጎንበስ ያለ ሰው የለም! ለፎቶው የተራመዱት የቢሯችን ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም ቀጥ ብለው፣ ፊታቸውን ወደ መኪናው አዙረው። የእናቴ ቀን ደግሞ የሚያልፈው ጀርባዋን ለመኪና ሰጥታ፣ እጥፍ ብላ ነው።

ካሜራውን ለሚሠራው መሐንዲስ ነገርኩት።

«ሰው ሰው ነው፤ ጎንበስ ቢል ምን ይሆናል?» አለኝ።

«እንግዲያው እናቴ ትሞክረው!»

አርብ ረፋድ ላይ የሥራ የዝናብ ካፖርቷን ለብሳ፣ መጥረጊያዋን ይዛ የቢሯችን ግቢ መጣች። የሙከራው መኪና ሾፌር በመስኮት ብቅ ብሎ «እማማ፣ ብገጭዎትስ?» ሲል ቀለደባት።

«ያን ጊዜ መጥረጊያውን አንተ ትረከባለሃ!»

ጎንበስ ብላ መጥረግ ጀመረች። መኪናው እያዘገመ ቀረበ። ልጄን አዝዬ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። ሃያ እርምጃ ቀረው፤ ዝም። አሥር፤ ጭጭ። ሾፌሩ ራሱ ፍሬን ያዘ። ካፖርቱ ሙቀቷን ውጦት፣ ስክሪኑ ላይ እናቴ ደብዘዝ ያለች ድንጋይ መስላ ነበር።

«ምን ይደንቃል?» አለች ወገቧን ይዛ። «ሰውም እንዳላየ ነው የሚያልፈኝ።»

መሐንዲሱን ላብ አጠመቀው። «ሰኞ አይሰማሩም» አለ።

በማግስቱ እናቴ ስምንት የሥራ ጓደኞቿን ይዛ መጣች። ሁለት ሳምንት ሙሉ እነሱ ካፖርታቸውን ለብሰው ካሜራው ፊት ጎንበስ ቀና ሲሉ፣ እኔም ሳጥን ስሥል ከረምን። እንደገና በተሞከረ ዕለት መኪናው ገና ሠላሳ እርምጃ ሲቀረው ጮኸ፤ ጮኸ፤ አላቋርጥ አለ።

እናቴ ቀና እንኳ አላለችም።

«ሰማሁ፣ ሰማሁ! ሥራ ላይ ነኝ እኮ!»