ከጋሼ ኡመር እርሻ የሄዱት ቢራቢሮዎች

ሰሞኑን ወደ ደሴ ስጓዝ ጀውሃ ላይ ለምሳ ወረድን። ከመንገዱ ዳር አንዲት ሴት ሎሚ ከነቅጠሉ ደርድራ ትሸጣለች፤ ቅጠሉ ጠርዝ ጠርዙን በአባጨጓሬ ተበልቷል። ገዝቼ መኪና ውስጥ ስገባ ሐሳቤ ወደ ጋሼ ኡመር የብርቱካን እርሻ ሄደ።

ያኔ እኔና ጓደኛዬ ዘይነብ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ላይ ነበርን። የመመረቂያ ጥናታችን ስለ ቢራቢሮ ነበር፤ ከአንድ እርሻ ከወጡት ገሚሱ ርቆ ሲሄድ ገሚሱ ለምን እዚያው ይቀራል? ነፋስና ረሃብ ድርሻ እንዳላቸው እናውቃለን፤ በዘር የሚወረስ ነገርም ይኖር እንደሆነ ማየት ፈለግን። ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ባለው በጋሼ ኡመር እርሻ ቢራቢሮ በመረብ እየያዝን፣ ክንፉን በቀለም ምልክት እያደረግን ለቀቅን። ከዚያ አናት በሚበሳው ፀሐይ በየማሳው ስንፈልግ ከረምን። አንዳንዶቹን ከተለቀቁበት ዛፍ ሥር፣ አንዳንዶቹን ከወንዙ ማዶ ርቀው አገኘናቸው። የሁለቱንም ወገን እንስት ቢራቢሮዎች እርሻው ዳር በተከልነው የመረብ ድንኳን ለየብቻ አስቀምጠን እንቁላል መጣል ሲጀምሩ፣ ጋሼ ኡመር የተባይ መድኃኒት ይዘው መጡ።

«እኔ ችግኜ እያለቀ እናንተ ልትመረቁ ነው?» አሉን።

መድኃኒቱ ከተረጨ ጥናታችን አለቀ ማለት ነው። «ጋሼ፣ በአላህ ይተዉልን! አባጨጓሬውን በእጃችን እንለቅምልዎታለን» አለች ዘይነብ።

በየማለዳው ለቀምን። አባጨጓሬው ሲነካ ካናቱ ብርቱካንማ ቀንድ ብቅ ያደርጋል፤ ሽታው የበሰበሰ ፍራፍሬ ነው። ታጥበንም ስለማይለቀን ምሳችንን በማንኪያ መብላት ጀመርን።

በድንኳኑ ከእንቁላል የተፈለፈሉት ክንፍ ሲያወጡ ጋሼ ኡመርም ሊያዩ መጡ። ሁሉም ያደጉት በአንድ ዓይነት ቅጠል ነው። ርቀው ከሄዱት የተወለዱት አብዛኞቹ ድንኳኑን ከዳር ዳር ሲያካልሉ ዋሉ፤ የተቀማጮቹ ልጆች ያገኙት ቅጠል ላይ አረፉ። እንዲያ ያልሆኑም ነበሩ።

«ማንም ሳያስተምራቸው?» አሉ።

«ማንም» አልኳቸው።

የበኩር ልጃቸው ጀማል እርሻውን ጥሎ ጅቡቲ ከገባ ወዲህ ሲደውል ስልክ አያነሱለትም ነበር። «አባቴም የአፋርን በረሃ ሲያቋርጥ የኖረ ነጋዴ ነበር። እኔ ነኝ የተቀመጥኩት» አሉ ቀስ ብለው።

«ሰው እኮ እንደ ቢራቢሮ አይደለም፣ ጋሼ» አለች ዘይነብ።

እሳቸው ግን ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። «ጀማል፣ እኔ ነኝ። ሙቀቱስ እንዴት ያደርግሃል?» መቼ ትመለሳለህ አላሉትም።

እኔ ከዚያ ወዲህ ስለ ውርስ ሳስተምር ኖሬአለሁ። ድንኳኑ ውስጥ ያየነው ስለ ጀማል የሚነግረን ምንም ነገር የለም፤ ዘይነብ ልክ ነበረች። ጋሼ ኡመር ግን ቁጣቸውን የሚያበርዱበት ሰበብ ሲፈልጉ የቆዩ ይመስለኛል። ያን ዕለት ላርማቸው አልፈለግኩም፤ ዛሬም ቢሆን አላርማቸውም።