ባለ አንድ ዓይኑ ሚካኤል

አሥራ ሁለት ዓመት ጥልፍ ስትጠልፍ የኖረችው ሙላቷ ከቁይ ወደ ደብረ ማርቆስ መጥታ፣ ከሠዓሊው ከጋሽ መንበሩ ስቱዲዮ የጨርቅ ላይ ኅትመት መማር ከጀመረች አምስት ወሯ ነው። ዛሬ ጋሽ መንበሩ ቁርጡን ነገሯት፤ «የቅዱስ ሚካኤልን ሥዕል ወረቀት ላይ አጥርተሽ ካወጣሽው፣ የሰንበት ተማሪዎቹን ቲሸርት በሙሉ የምታትሚው አንቺ ነሽ።»

ልቧ እየዘለለ፣ ስስ ጨርቅ የተወጠረበትን ፍሬም ወረቀቱ ላይ አስተካክላ ቀለሙን በጎማ ስባ አወረደችው። ፍሬሙን ስታነሳ ክው አለች። ቀለም ደርቆ የአንዱን ዓይን ቀዳዳ ስለደፈነው ቅዱስ ሚካኤል አንድ ዓይን ብቻ ይዞ ወጥቷል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግሞ ባለ አንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣን ነው።

«ጋሼ፣ ጉድ ሆንኩልዎ፤ መልአኩን ከሰይጣን ደባለቅሁት» አለች።

«ልጆቹ ይህን ለብሰው ቢሄዱ መሪጌታው በመቋሚያ ነው የሚያባርሯቸው» አሉ እየሳቁ። «ቀለሙ ወፍሮብሻል፣ አቅጥኚው። ስትስቢም አታባብዪው፤ ባንድ ጊዜ አውርጂው።»

ፍሬሙን አጥባ አደረቀች፤ ቀለሙንም አቅጥና አዲስ ወረቀት ላይ ባንድ ትንፋሽ ሳበችው። ፍሬሙን ቀስ ብላ ስታነሳ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ፍጥጥ ብለው አዩዋት። እሷም አፍጥጣ አየቻቸው።

ጋሽ መንበሩ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዘው «በይ እንግዲህ ቲሸርቱን...» ብለው ሳይጨርሱ፣ ሙላቷ የመጀመሪያውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ እጥፋቱን በመዳፏ እያስተካከለች ነበር።