የጥሎሹ ቀሚስ ፎቶው ላይ ሲያረጅ

ትናንት ከምሳ በኋላ ሮቢት... የእህቴ ልጅ የትርንጎ መልስ ነው። የሠርጓን ቪዲዮ የቀረጽኩትም ያቀናበርኩትም እኔ አጎቷ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም፤ ኮምፒውተር እየነካካሁ፣ ሳበላሽ እያስተካከልኩ ነው የለመድኩት። ስለዚህ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ደረቴን ነፍቼ ተቀምጫለሁ።

ከጎብዬ የመጡት የሙሽራው ዘመዶች እየሳቁ፣ እያጨበጨቡ ያያሉ። ትርንጎ እነሱ በጥሎሽ ያመጡላትን አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ ስትጨፍር አንጀት ታርሳለች። ከዚያ በመሃል የከተትኳቸው ፎቶዎች መጡ... ቀሚሱ ደበዘዘ። አመድ የነሰነሱበት መሰለ።

ቀሚሱን ወልድያ ድረስ ሄደው የመረጡት የሙሽራው አክስት እትዬ ዘውዴ ናቸው። ተነስተው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ።

«ይሄ ስንቴ የታጠበ ቀሚስ ነው። የእኛን አዲሱን የት አደረሳችሁት?»

እህቴ ትሪ እንደያዘች ቆማ ቀረች። የሰው ጥሎሽ ለውጣ ልጇን አሮጌ አለበሰች ከተባለ፣ ሮቢት ውስጥ ቀና ብላ አትሄድም።

እኔ ግን ሳቅኩ፤ ጥፋቱ የኔ ነዋ። ካሜራዬ ላይ ለፎቶ ብቻ የሚሠራ ሁለት የቀለም ፕሮፋይል፣ ማለትም የቀለም አመዘጋገብ ስልት አለ። አንዱ ለስክሪን የሚሆነው ነው፣ ሌላው ብዙ ዓይነት ቀለም የሚይዘው፣ ለህትመት የሚመቸው ሰፊው። እኔ ሰፊውን መረጥኩ... ሰፊ ነገር የሚጠላ ማን አለ? ለካ የኔ ማቀናበሪያ ሰፊውን ማንበብ አያውቅበትም፤ ቀለሙን ያደበዝዘዋል። ይህንኑ ለእትዬ ዘውዴ አስረዳሁና፣ ላፕቶፑን ከፍቼ ዓይናቸው እያየ አንዱን ፎቶ ወደ ስክሪኑ ፕሮፋይል ቀየርኩት። አረንጓዴው እንደ ክረምት ማሽላ ለመለመ። ጭብጨባ ጠበቅኩ።

«ቀለም እንዲህ በጣትህ የምታመጣ ከሆነ፣ ቪዲዮውንስ ያለመለምከው አንተ ላለመሆንህ ዋሳችን ማነው?» አሉኝ።

ይሄኔ ትርንጎ ሻንጣዋን ይዛ ጓዳ ገባች። ስትወጣ ቀሚሱን ለብሳዋለች። መጥታ ቴሌቪዥኑ ጎን ቆመች።

«ጋሼ፣ ይሄው ቆሜያለሁ። በሉ የቀሩትን ያስተካክሉ።»

አንድ በአንድ ቀየርኳቸው። ሰው ሁሉ አንዴ እሷን አንዴ ስክሪኑን ያያል። እትዬ ዘውዴ የቀሚሱን ጫፍ ገለበጡ፣ በጣታቸው አሹት፣ ጥልፉን ከፎቶው ጋር አስተያዩት።

«እሱው ነው» አሉ በመጨረሻ። ትርንጎን አገላብጠው ሳሟት፣ እህቴንም ይቅርታ ጠየቋት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «የደበዘዘ የምትመልስ ከሆነ፣ እኔንም በዚያው ወደ ሃያ ዓመቴ መልሰኝ።»

ዛሬ ጠዋት ካሜራዬን ከላይ እስከ ታች በረበርኩት... ሰውን ወደ ሃያ ዓመቱ የሚመልስ ፕሮፋይል ሳይጭኑበት ነው የሸጡልኝ።