ግማሽ መደብ

ዕድሜዬን ሙሉ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ነው የሠራሁት። የሌላ ሰው ገንዘብ ሲሆን አንዲት ሳንቲም አታመልጠኝም ነበር። የራሴ ደሞዝ ግን ከመሥሪያ ቤት እስከ ቤቴ ባለችው አጭር መንገድ ላይ እየቀለለች ትደርስ ስለነበር፣ ባለቤቴ ገና በተጋባን ሰሞን «አንተ የመንግሥትን ያዝ፤ የቤቱን ለእኔ ተው» አለችኝ። ተውኩላት። ጡረታ ስወጣ መንግሥትም የራሱን ተረከበኝ። ባዶ እጄን ቀረሁ ማለት ነው።

አሁን አዳማ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። ልጃችን ሐዋሳ ትኖራለች፤ ወንድሟ አዲስ አበባ ነው። ጡረታዬ ባንክ በገባ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ በረንዳው ጥላ ሲያገኝ፣ እኔና ባለቤቴ ስብሰባ እንቀመጣለን። ሦስት ባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮዎች አሉን። የመጀመሪያው ለመብራት፣ ለውሃና ለእድር ነው፤ ከእሱ እኔ አወጣለሁ። ሁለተኛው የአስቤዛ ነው፤ ከእሱ እሷ ታወጣለች። ሦስተኛው የጤፍ ነው፤ እሱን ማንም አይነካም። የጓሮዋን ክፍል የተከራየው ባጃጅ ነጂ የሚከፍለንም ኪራይ በቀጥታ ወደ ሦስተኛው ይገባል። ይህን ደንብ ያወጣችው እሷ ናት፤ ያጸደቅሁት እኔ ነኝ። በማጽደቅ ረገድ ችሎታዬን የሚጠራጠር የለም።

ሦስተኛው ቆርቆሮ የማይነካው በምክንያት ነው። ጥር መባቻ ላይ፣ ጤፍ ከአውድማ ሲወጣ፣ ሁሩታ ካለ ገበሬ ደንበኛችን የዓመታችንን ሰርገኛ አንድ ጊዜ እንገዛለን። ያን ጊዜ ያልገዛ ሰው ክረምት ላይ ወፍጮ ቤት ሄዶ በኪሎ ይሸምታል፤ ዋጋው ደግሞ ከደመናው ጋር አብሮ ይወጣል። አምና እንግዳ በዝቶብን ጤፉ ሐምሌን ሳይሻገር አለቀ። ልጃችን ሰማችና ገንዘብ ላከችልን። ባለቤቴ በስልክ አመሰገነቻት፣ መረቀቻት፣ ከዚያ ጓዳ ገብታ ብዙ ቆየች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

«እሷም ልጆች ታሳድጋለች» አለችኝ። «ሁለተኛ የልጄን ጤፍ አልበላም። ሰማህ?»

ሰማሁ። እኔም ያን ገንዘብ ስቀበል ደስ አላለኝም ነበር፤ ግን ወንድ ነኝና ቀልድ ፈለግሁለት።

እንግዲህ የዘንድሮው ገና መጣ፤ ከገና ጋር ደግሞ ቅርጫው። በእኛ ሠፈር የበዓል ሥጋ የሚበላው በቅርጫ ነው። አሥራ ሁለት ቤት ገንዘብ አዋጥቶ አንድ በሬ ይገዛል፤ በበዓሉ ንጋት ይታረድና ከጎድኑም ከሽንጡም ከጨጓራውም ለየቤቱ እኩል መደብ ይወጣለታል፤ ማን የትኛውን መደብ እንደሚወስድ በዕጣ ነው። የዚህ ቅርጫ ሰብሳቢ እኔ ነኝ። የተሾምኩት ስለ ከብት ስለማውቅ አይደለም፤ ከበሬው ፊትና ኋላው ውጭ የማውቀው የለኝም። የተሾምኩት ሒሳብ ክፍል ስለሠራሁ ነው። ሹመት ደግሞ፣ ትንሽም ብትሆን፣ ጡረተኛን ታሞቃለች።

የዘንድሮውን የበሬ ዋጋ አጣርቼ መጥቼ ለባለቤቴ ነገርኳት።

«ይሄ ለበሬው ነው?» አለች።

«ለመደቡ ነው።»

ሽንኩርት መላጡን አቆመች። «ግማሽ እንውሰድ። ከአንድ ቤት ጋር ተጣምረን አንዱን መደብ እንካፈል። ግማሹን ከአስቤዛው እንደምንም እጨምቀዋለሁ። ደግሞስ የእኔና የአንተ ጥርስ ተደምሮ የአንድ ሰው አይሞላም።»

«ሰብሳቢው ግማሽ መደብ ወሰደ ልባል?»

«ሰብሳቢው ጤፍ ለመነ ከምትባል።»

«እንዴት ብዬ ነው የምናገረው? ሁልጊዜ ‹ሙሉ የማይችል ካለ ይናገር› እያልኩ የምጠይቀው እኔ ነኝ እኮ!»

«ታዲያ ዘንድሮ ጠይቅና ራስህ መልስ።»

ሙሉ መደብ ማለት ሦስተኛውን ቆርቆሮ መክፈት ነው። ግማሽ ማለት በአሥራ አንድ አባወራ ፊት አፌን መክፈት። ሁለቱንም ሳልከፍት የማልፍበት ሦስተኛ መንገድ አገኘሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ብልሃት ሲያምረኝ እንዲህ ነው፤ ብልሃቱ እስኪመጣ አልጠብቅም።

ስብሰባው ጎረቤታችን በሆነው ጡረተኛ የጭነት መኪና ሾፌር ደጃፍ ላይ ነበር። የአርሲ ሰው ነው፤ ትልቅ ድምፅ፣ ትልቅ ልብ። «አካም ጅርቱ ጋሼ!» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አለኝና ወንበር ሰጠኝ። የሰዉን ስም መዘገብኩ፣ የእኔ ተራ ሲደርስ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«እኔ እንኳ ዘንድሮ አልገባም» አልኩ። «ሐኪም ሥጋ ከልክሎኛል። ሪህ ነው አሉኝ።»

«ውይ!» አለ ሾፌሩ። «እግዚአብሔር ይማርዎት!» ሁሉም «ይማርዎት» አሉኝ። አንዳንዱ ከልቡ ደንግጦ ትከሻዬን ያዘኝ። እኔም ነገሩ እውነት እንዲመስል እያነከስኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ለባለቤቴ ግን «የቅርጫው ነገር ተፈታ፣ አልገባንም» ብቻ አልኳት። እንዴት እንደተፈታ አልጠየቀችኝም፤ እኔም ሳልጠየቅ የምናገር ሰው አይደለሁም።

በማግስቱ ጠዋት ወንበር ላይ ቆሜ የበረንዳውን አምፖል ስቀይር በሩ ተንኳኳ። ሦስት የሠፈር ሴቶች ናቸው፤ አንዷ የባቱ ፓፓያ ታቅፋለች፣ አንዷ ብርቱካን በፌስታል ይዛለች።

«እንዴት አደሩ?» አሏት ባለቤቴን፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው።

«ማን?» አለች ባለቤቴ።

«ጋሼ ናቸዋ! ሪሁ!»

ከወንበሩ ላይ ዱብ አልኩና ማነከስ ጀመርኩ። ከሴቶቹ አንዷ ዓይኗ ስለታም ነው። «ትናንት በቀኙ አልነበረም እንዴ የሚያነክሱት?»

«ይዞራል» አልኩ።

ባለቤቴ አንድ ጊዜ አየችኝ። አርባ ምናምን ዓመት አብረን ኖረናል፤ ያቺ አንዲት እይታ ሙሉውን ታሪክ አንብባ ጨረሰችው። ከዚያ ፊቷን ወደ እንግዶቹ መልሳ «ግቡ፣ ግቡ! ምን ይደረግ፣ ድንገት ነው የጣለው» አለች።

ሲወጡ ጠብቄ ይቅርታ ልጠይቅ ነበር። ዕድሉን አልሰጠችኝም። ወፍራሙን ብርድ ልብስ አውጥታ አለበሰችኝ። የአዳማ ፀሐይ በታኅሣሥም ቢሆን እኩለ ቀን ላይ ቀልድ አያውቅም። ሳማ ቀቅላ አጠጣችኝ፤ ለሪህ ጥሩ ነው ብላ። ቅመም የሌለው ጎመን አቀረበችልኝ፤ ለሪህ ጥሩ ነው ብላ። ብርቱካኑን ልልጥ እጄን ስዘረጋ፣ ለሪህ ጥሩ አይደለም ብላ ወሰደችው።

ይሄ ሁሉ ይቻል ነበር። ያልተቻለው ጠያቂው ነው። የታመመ ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም፤ የመጣ ጠያቂም ባዶ አፉን አይሸኝም። አንዱ ግማሽ ኪሎ ስኳር ይዞ ይመጣል፤ ከቤተሰቡ ጋር ስለሚመጣ የሚጠጣው ሻይ ከዚያ ይበልጣል። ዳቦ ተገዛ፣ ቆሎ ተቆላ፣ እንደገና ዳቦ ተገዛ። እኔ ብርድ ልብሴ ውስጥ ሆኜ፣ በለመደ የሒሳብ ሠራተኛ ዓይን፣ ማንኪያው ስኳር ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ እከታተላለሁ። ምክሩ ደግሞ በሽ ነው፤ የሽፈራው ቅጠል ጠጡ፣ ነጭ ሽንኩርት ዋጡ፣ ሶደሬ ወርደው ፍል ውሃ ይነከሩ።

በዚሁ መሀል የሁሩታው ደንበኛችን ደወለ። «ጤፉ ተወቅቷል፤ ነጋዴ ሊወስደው ነው፤ የበዓሉን ማግስት አላሳልፍም» አለ። ባለቤቴ «ያዝልን፣ ገንዘቡ ተዘጋጅቷል» አለችና ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ሁለተኛውን ቆርቆሮ አምጥታ ፊቴ ገለበጠችው። ምንም አልወደቀም።

ስትናደድ ታከብረኛለች። «አቶ ሕመምተኛ፣ ይስሙኝ። የእርስዎ ሪህ ከግማሽ መደብ አልፎ ሙሉውን እየተጠጋ ነው። ነገ ደግሞ የእድሩ ሴቶች በሙሉ እንመጣለን ብለዋል። ምን ላቅርብላቸው? ሦስተኛውን ልክፈተው?»

ብርድ ልብሱን እስከ አገጬ ሳብኩት።

ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ድህነቱ አይደለም እኮ የሚያናድደኝ። ችግሩን ሁለታችን እዚህ በረንዳ ላይ ተነጋግረን ጨርሰነው ነበር። አንተ ከበሩ ስትወጣ ሌላ ሰው ትሆናለህ። እኔ ቤት ውስጥ የቆጠብኩትን የአንተ ኩራት ውጭ ይበላዋል።»

ብርድ ልብሱ ውስጥ ተቀምጬ ሳስበው የዕድሜያችን ነገር መጣብኝ። ስንት ጊዜ ነው ይህች ሴት ጓዳ ውስጥ ከሽንኩርቱም ከዘይቱም ቀንሳ፣ እኔ ቡና ቤት ገብቼ «ሒሳብ በእኔ ነው» ያልኩት? ሁለታችንም አንድ ቤት ነው ያስተዳደርነው እንላለን። ለካ እሷ ቤቱን ስታስተዳድር፣ እኔ ስለ ቤቱ የሚወራውን ነበር የማስተዳድረው። የእኔ ሥራ ወጪው ይከብዳል።

ከሰዓት በኋላ ሾፌሩ መጣ። ወንበር ሲሳብለት አልተቀመጠም፤ ከኮቱ ኪስ ፖስታ አወጣ።

«ጋሼ፣ እንግዲህ እምቢ እንዳይሉ። ለሶደሬው መሄጃ የቅርጫው ሰዎች ያዋጣነው ናት። ሥጋውን ደግሞ ሐኪም ለእርስዎ እንጂ ለእትዬ አልከለከለም፤ ከየመደባችን ትንሽ ትንሽ እናነሳላቸዋለን። ሰብሳቢያችን ቤት ሥጋ ሳይገባ በዓል አይዋልም።»

ፖስታውን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠው። ባለቤቴን አየኋት። ሁለታችንም የምናውቀው ነገር አለ፤ ከሁለት ቀን በፊት የሾፌሩ ሚስት ሱቅ በር ላይ ቆማ ዘይት በስኒ ስታስለካ ባለቤቴ አይታት ነበር። በዚያች ስኒ ውስጥ የጎደለው ዘይት አሁን ጉልበቴ ላይ ነው። ባለቤቴ ልትናገርልኝ ትችል ነበር። አልተናገረችም። እጇን አጣጥፋ ጠበቀችኝ።

ብርድ ልብሱን ገፍፌ ቆምኩ። በሁለቱም እግሬ።

«ወንድሜ፣ እኔን ሪህ አልያዘኝም» አልኩት። «ሙሉ መደብ መክፈል አቅቶኝ ነው። ባለቤቴ ግማሽ እንውሰድ ስትለኝ አፍሬ፣ ታመምኩ ብዬ ዋሸሁ። ይህን ለሰዎቹ መልስ፤ የዋሸሁትንም ንገርልኝ።»

ሾፌሩ አየኝ። እግሬን አየ። ወደ ባለቤቴ ዞሮ፣ «እትዬ፣ እውነት ነው?» አላት።

«ከእግዜር ምሕረት በኋላ እንደ ፈረስ ነው የሚሮጠው» አለች።

ተቆጥቶ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። ያ ትልቅ ሰው ወንበሩ ላይ ዘፍ አለና መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ ረዘመ፣ ከዚያ ድንገት ተቋረጠ። ባርኔጣውን አውልቆ አዟዟረው።

«ለእኔም ግማሽ… ይቻላል እንዴ?» አለ፣ ያ ድምፁ የት እንደገባ እንጃ፣ በሹክሹክታ። «ሚስቴ ይሄንኑ ስትለኝ ሰነበተች። እርስዎ ሙሉ ሲመዘግቡኝ ‹ግማሽ አርጉኝ› ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሰዉ ምን ይለኛል ብዬ…»

«ጋሼ ሪህ ያዛቸው ሲባል ምነው እኔን በያዘኝ ያልክ ነው የሚመስለው» አለች ባለቤቴ። ሦስታችንም ሳቅን፤ እሱ ከሁላችንም በላይ።

ፖስታው ለየባለቤቱ ተመለሰ። ነገሩ ሠፈር ውስጥ ሲሰማ ተስቆብኛል፤ እስከ ዛሬ ባጃጅ ተራ ላይ ሳልፍ «ጋሼ፣ ዛሬ በየትኛው እግር ነው?» የሚለኝ አለ። ይገባኛል። እኛና ሾፌሩ አንድ መደብ ለሁለት ያዝን፤ ሌላ ሁለት ቤቶች ደግሞ፣ ምንም ሳይናገሩ፣ ሚስቶቻቸውን ልከው ተጣምረው ግማሽ ግማሽ ወሰዱ። የአስቤዛው ቆርቆሮ በሻይ ስላለቀ ግማሹን ከእኔው ቆርቆሮ ከፈልኩ፤ የወሩን የውሃ ክፍያ በቅጣት ከፈልን። ቅጣቱ የማን እንደሆነ ስብሰባችን ላይ ብዙ አላከራከረም።

በገና ጠዋት መደቡን ለሁለት የከፈሉት ሚስቶቻችን ናቸው። እኔና ሾፌሩ እንርዳ ብለን ቢላ ስናነሳ ከበረንዳው አስወጡን።

በበዓሉ ማግስት ጤፉ ከሁሩታ በአይሱዙ መጣ። ባለቤቴ የኩንታሉን አፍ ፈትታ እጇን እስከ ክርኗ አስገባች፣ ዘግና አሸተተች፣ ለአይሱዙው ነጂ ከሦስተኛው ቆርቆሮ ቆጥራ ሰጠችው። ከዚያ ዱቄት በመሰለ እጇ ስልኳን አነሳችና ሐዋሳ ደወለች።

«ደህና ናችሁ ልጄ? ልጆቹስ? … እኛ ምን እንሆናለን፣ ደህና ነን፤ ጤፍ አስገባን።» ትንሽ ሰማች። «ምንም አያስፈልገንም አልኩሽ እኮ! ይልቅ አንቺ፣ እዚያ ውድ ነው አሉ፤ ትንሽ ልላክልሽ እንዴ?»

እኔ ከጀርባዋ በእጄ «ከየት?» ብዬ ጠየቅኋት። ጀርባዋን ሰጠችኝና ለልጇ ጤፉ ምን ያህል ንጹሕ እንደሆነ መንገር ቀጠለች።