የምላጩን ሥራ በጌታ አታላክኩ

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ! ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ቆሜአለሁ። ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ተቆጥቼ ነው የቆምኩት። ድምፄ ከፍ ካለ ታገሡኝ።

ተወልጄ ያደግሁት ዳባት ነው። ባለቤቴ በበቅሎ የቱሪስት ጓዝ ስሜን ተራሮች ላይ እስከ ጨነቅ ሰፈር ድረስ የሚያደርስ ሰው ስለሆነ ቤት አይውልም፤ ከአማቴ ጋር ነበር የምንኖረው። የመጀመሪያ ልጄ ሴት ነበረች። ገና አራስ ሳለሁ ሳል ያዛት። አማቴ "እንጥሏ ወርዷል" አሉና እንጥል ቆራጭ አስጠሩ። "ይቅር፣ ጤና ጣቢያ ልውሰዳት" ብል ማን ሰምቶኝ!

"አንቺ ልጅ፣ ከእኔ በላይ ወልደሻል?" አሉኝ።

ከእቅፌ ነጥቀው አፏን በጣት ፈልቅቀው በምላጭ ቆረጧት። ደሙ አልቆም አለ። ልጄ ሞተች፣ ወገኖቼ!

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ለቅሶው ላይ የተባለው ነው። "እግዜር ሰጠ፣ እግዜር ነሳ፤ ተይ አታማርሪ" አሉኝ። ቆራጩ ራሱ መጥቶ፣ ቁጭ ብሎ ንፍሮ በላ! ምላጭ የገደላትን ልጅ ሞት በእግዚአብሔር አላከኩ። እኔም አምኜ፣ ሕፃን የሚነጥቅ አምላክ ይቅርብኝ አልኩ። ስሙ ሲጠራ ከቤት እወጣ ነበር።

ከዚያ ወንድ ልጅ ወለድኩ። እርሱንም ሳል ያዘው። ሰውነቱ እንደ እሳት ይፋጃል፤ ትንፋሹ ቶሎ ቶሎ ነው፤ በተነፈሰ ቁጥር ከጎድኑ ሥር ስርጉድ ይላል። ጡት ስሰጠው ፊቱን ያዞራል። አማቴ ነጠላቸውን አንስተው "ቆራጩን ልጥራ" ብለው ወጡ። ያኔ ደሜ ፈላ! ልጄን አቅፌ በጓሮ በኩል ወጣሁ።

ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ፣ ይኸው እዚህ ተቀምጣለች፣ ደጇ ላይ ሽንኩርት ትለቅም ነበር። አማኝ ስለሆነች አልወዳትም ነበር። "ምን ሆነ?" አለችኝ።

"ሊቆርጡት ነው!"

እጇን ልጁ ላይ ጭና "ጌታ ሆይ፣ ማረው" አለች። ወዲያው ደግሞ "በይ ሂጂ፣ የቀረውን መኪና ላይ እንጸልያለን" ብላ ገፋችኝ።

"አምላክሽ አንዷን ወስዶብኛል፤ ምን ብዬ ልለምነው?"

"እርሱ አልወሰዳትም! ምላጭ ነው የገደላት!" ብላ ጮኸችብኝ። ጌታ ይባረክ! ስለ ልጄ ከእኔ ጋር የተቆጣ ሰው ያን ቀን አገኘሁ።

በሚኒባስ ደባርቅ ሆስፒታል ደረስን። ሐኪሙ ደረቱን ገልጦ አየና "የሳንባ ምች ነው፤ ብትዘገዩ አይተርፍም ነበር" አለ። ኦክስጅን አደረጉለት፣ መርፌ ወጉት። ነርሷ "ትንፋሹ ሲፈጥን፣ ደረቱ ሲሰረጉድ፣ ጡት እምቢ ሲል ቤት ተቀምጦ አይጠበቅም። እንጥሉንም ማንም እንዳይነካው! እስኪጠባ ድረስ ወተትሽን እያለብሽ ስጪን" አለችኝ።

አልጋው ሥር ተንበረከክሁ። መጸለይ የት አውቄ! "በአንተ ስም ዋሹብኝ! እንዲያ ካልሆንህ ንገረኝ!" ብዬ ጮኽኩ። ልጄን ከቀበርኩ ወዲህ አልቅሼ አላውቅም ነበር፤ እዚያ ግን አለቀስኩ። እትዬ ዘውዴ እጄን ይዛ ጸለየች፣ ጌታንም ተቀበልኩ። ሃሌ ሉያ! በነጋታው ልጁ ጡቴን ያዘ። ጎተተው፣ ወገኖቼ! ክብር ለስሙ ይሁን! አሁን እዚያ ኋላ ወንበር ላይ እየወጣ የሚረብሻችሁ እርሱ ነው።

አማቴ እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቁኝም። እኔም ይቅር ለማለት እየታገልኩ ነው፤ ጸልዩልኝ።

በእኛው መካከል ግን "እምነት ካለሽ ሆስፒታል ምን ያደርግልሻል" የሚል ወንድም ሰምቻለሁ። ከአማቴ ቤት ሸሽቼ ይህን እዚህ ልስማ? ወንድሜ፣ ትንፋሽ ባጠረው ሕፃን እምነትህን አትፈትን! ጸልይ፤ እየጸለይህ ልጁን አቅፈህ ሩጥ። ሐኪሙን የሰጠን ጌታ አይደለም እንዴ?

እናንተ ልጅ የሞተባችሁ እናቶች፣ "እግዜር ነሳሽ" የተባላችሁ፣ ከእርሱ አትሽሹ። ተቆጥታችሁም ቢሆን ኑ። እኔ እየጮኽኩበት መጣሁ፤ አልመለሰኝም። ስሙ ይባረክ!